ከበሮ በሰው እጅ ያምር፦ የአየርላንዱ ባውራን ሥራው ምንድን ነው?

በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቀኞች መካከል የቆየ ቀልድ አለ። «ባውራን በምን ቢመቱት ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «በሰንጢ» ነው። ቆዳውን ቀዶ መገላገል ማለታቸው ነው። ቀልዱን ብዙዎች የሚሰጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ለነበረው የባግፓይፕ ተጫዋች ለሼይመስ ኤኒስ ነው። እሱ አለውም አላለውም፣ ዛሬም አንድ ሰው ከበሮውን በትከሻው አንግቶ መጠጥ ቤት ሲገባ ጥግ የተቀመጡት የፊድል (የቫዮሊን) ተጫዋቾች በዓይን ይጠቃቀሳሉ።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ባውራን የአየርላንድ መታወቂያ የሆነ ከበሮ ነው። ደብሊን ውስጥ የቱሪስት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ብትገቡ ከአረንጓዴው ኮፍያና ከሱፍ ሹራቡ ጎን፣ ቅጠል የተሣለበት ባውራን ተሰቅሎ ታያላችሁ። (እሱን አትግዙ። የተሠራው ለግድግዳ ነው፤ ሲመቱትም እንደ ካርቶን ነው የሚጮኸው።) ታዲያ አገር የሚኮራበትን ከበሮ የአገሩ ሙዚቀኞች ምን ሆነው ነው የሚፈሩት?

የኛ ሰው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል። እነሱ ጋ ይህ ተረት የለም፤ ችግሩ ግን አለ፣ ያውም በየምሽቱ። ምክንያቱ ደግሞ ከበሮው በዚያ ሙዚቃ ውስጥ የተሰጠው ሥራ ነው። እኛ ከበሮ ሲባል የሚመጣልን ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ወንፊት ታውቃላችሁ። ክብ የእንጨት ጠርዝ አለው፤ በአንድ በኩል መረብ ተወጥሮበታል። መረቡን አውጥታችሁ በቦታው የፍየል ቆዳ ወጥሩበት። ባውራን ማለት ይኸው ነው። ፊቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጀርባው ክፍት ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከውስጥ ለመያዣ የሚሆን እንጨት ተጋድሞበታል። ተጫዋቹ ተቀምጦ ከበሮውን በግራ ጭኑ ላይ ያቆመዋል፤ በደረቱና በክንዱ ደገፍ ያደርገዋል። ግራ እጁ ከጀርባ ገብቶ ቆዳውን ይነካል። ቀኝ እጁ ከእስኪብርቶ ትንሽ የምትረዝም እንጨት ይዞ ይመታል። ይህች እንጨት ቲፐር ትባላለች። ድሮ ከአጥንትም ትሠራ ነበር።

ስሙ የአይሪሽ ቋንቋ ቃል ነው። ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ድ» እና «ህ» የሚያህሉ ሁለት ፊደላት ተሰንቅረዋል፤ ሲነበብ ሁለቱም ይዋጣሉና «ባውራን» ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ «ደንቆሮ» ወይም «ዱልዱም» የሚል ትርጉም ካለው የዚያው ቋንቋ ቃል ጋር ያያይዙታል። ለድምፁ የሚስማማ ስም ነው። ጥርት ብሎ አይጮኽም፤ ከሆድ እንደሚወጣ ድምፅ ድፍን ያለ ነው።

ወንፊት ያልኩት ለማስረዳት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአየርላንድ ገጠር እህል የሚያበጥሩበት፣ ድንች የሚያቀርቡበት፣ ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር የሚሸከሙበት ቆዳ የተወጠረበት ክብ ዕቃ ነበር። የቆዳ ሰፌድ በሉት። ይህን ዕቃና ከበሮውን ሕዝቡ በአንድ ስም ይጠራቸው ነበር። ሰፌዱ ከበሮ ወለደ ወይስ ከበሮው ሰፌድ፣ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔ ግን አንድ ገበሬ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰፌድ እያየ ጣቱን አለማንኳኳቱን ማመን ያቅተኛል።

ከበሮው በዓመት አንድ ቀን በደንብ ይሰማ ነበር። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 26፣ የገናቸው ማግስት ነው። «የሬን ቀን» ይሉታል፤ ሬን በጣም ትንሽ ወፍ ናት። ሆያ ሆዬን አስቡና ብርድ ጨምሩበት። ወጣቶች የገለባ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ወይም ጥላሸት ተቀብተው፣ ወፏን በእንጨት ላይ ሰቅለው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ቤት ያለው ሳንቲም ይሰጣል፤ በተሰበሰበው ገንዘብ ማታ ይደገሳል። ከበሮው የዚህ ጭፈራ ሞተር ነበር። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ብረት ይሰካበት ነበር። ዛሬ እውነተኛ ወፍ አይገደልም፤ ጭፈራው ግን በተለይ በኬሪ አውራጃ በዲንግል ከተማ አሁንም ይደምቃል።

ከዚያ ውጪ በቀረው ዓመት ከበሮው ግድግዳ ላይ ወይም ጎተራ ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ በቤት ድግስ ብቅ ይላል። ሠዓሊው ዳንኤል ማክሊዝ በ1833 ባሳየው፣ የኮርክ አውራጃ ድግስ በሚያሳይ ሥዕል ላይ አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ከበሮ በእጁ ሲመታ ይታያል። ያም ሆኖ በተከበረው የጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ፣ ፊድልና ፍሉት የሚባለው ዋሽንት በሚጫወቱበት ክብ ውስጥ፣ ከበሮ ቋሚ መቀመጫ አልነበረውም።

ለምን? ስላላስፈለገ ነው። ምክንያቱ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ላቆያችሁ።

የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ የዜማ ሙዚቃ ነው። አምስት ሰው ቢቀመጥ አምስቱም የሚጫወቱት ያንኑ አንድ ዜማ ነው። አንዱ ዜማ፣ አንዱ አጃቢ፣ አንዱ ቤዝ የሚባል ክፍፍል በጥንቱ አሠራር የለም። ዜማው ደግሞ የተፈጠረው ለእግር ነው፤ ለጭፈራ። ስለዚህ ምቱ ዜማው ውስጥ አለ። የፊድል ተጫዋቹ ቀስቱን የሚገፋበትና የሚስብበት ቦታ ምት ነው። የፍሉት ተጫዋቹ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ምት ነው። በድምፆቹ መካከል ቶሎ ቶሎ የሚያስገቧቸው ቁርጥራጭ ጌጦች፣ ለጀማሪ ጆሮ ውበት ብቻ የሚመስሉት፣ ግማሽ ሥራቸው እንደ ከበሮ ድምፁን መቁረጥ ነው። ፊድል ብቻውን፣ አንድ ሰው በአንድ ወንበር፣ ሙሉ ቤት ሲያስጨፍር የኖረው ለዚህ ነው።

በተጨማሪም ከበሮ ነበራቸው። ወለሉ ነበር። ጨፋሪዎቹ በጠንካራ ጫማ የድንጋዩን ንጣፍ ይደበድቡታል፤ ተጫዋቹም በራሱ እግር መሬቱን ይመታል። አንዳንድ ቤት ውስጥ ወለሉ በደንብ እንዲጮህ ከሥሩ የፈረስ ራስ ቅል ይቀብሩ ነበር። ይህ ተረት አይደለም፤ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ራስ ቅሎቹ ተገኝተዋል። የጭፈራ ቦታውን ራሱን ከበሮ አድርገውታል ማለት ነው።

ከ1920ዎቹ በኋላ ጭፈራው ከቤት ወጥቶ ወደ አዳራሽ ሲገባ ነገር ተለወጠ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ አንድ ፊድል አይበቃውም። ኬይሊ ባንድ የሚባሉ ትልልቅ ቡድኖች መጡ። ፒያኖ ጨመሩ፤ የወታደር ባንድ ዓይነት ድራምና ቶክ ቶክ የሚል የእንጨት ሳጥንም ጨመሩ። ሕዝቡ ወደዳቸው። አንድ ሰው ግን ጠላቸው።

ሰውየው ሾን ኦ ሪያዳ ይባላል። በ1931 ተወልዶ በ1971 በ40 ዓመቱ የሞተ የሙዚቃ ደራሲ ነው። የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ የተማረ፣ ኋላ ላይ ወደ አገሩ ሙዚቃ የተመለሰ ሰው ነው። በ1962 በሬዲዮ ባቀረበው ተከታታይ ፕሮግራም የኬይሊ ባንዶችን ድምፅ በተደፋ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከሚጮህ ዝንብ ጋር አመሳስሎታል። ምላሱ ስለት ነበረው።

መተቸት ብቻ ግን አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ክዮልቶሪ ኹለን የሚባል ቡድን አቋቋመ። ሙዚቀኞቹን ቆንጆ ልብስ አልብሶ በኮንሰርት አዳራሽ አስቀመጣቸው። የባንዶቹን ድራም አልፈለገም፤ ምት ግን ፈለገ። በዚህ ጊዜ ነው ከገጠር ጎተራ ባውራንን ያወጣው። የአገሩ ከበሮ ይሄ ነው አለ። የሬን ቀን ጭፈራ ከበሮ እንዲህ ኮንሰርት ገባ።

ቀጣዩ ፈጣን ነበር። ከዚያው ቡድን የወጡ ሙዚቀኞች ያሉበት ቺፍተንስ የተባለው ቡድን በ1962 ተመሠረተና ዓለምን ዞረ፤ ባውራንም አብሮ ዞረ። ፓደር መርሲየር፣ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ኬቨን ከነፍ ይመቱበት ነበር። በ1972 የመጣው ፕላንክስቲ የተባለው ቡድን ዘፋኝ ክሪስቲ ሙር እየዘፈነ ባውራን መታ፤ ወጣቱ አበደ። ትንሽ ቆይቶ የዴ ዳነን ቡድኑ ጆኒ ማክዶና፣ በቅጽል ስሙ «ሪንጎ»፣ በግራ እጁ ቆዳውን እያፈነ ድምፁን የሚያለዝብበትን አመታት አሳየ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ዕቃ የአገር ምልክት ሆነ።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ከጥንት ድሩይዶች (ከክርስትና በፊት ከነበሩት ካህናት) ጀምሮ ሲመታ የኖረ ነው ብሎ የሚያስበው ከበሮ በቡድን ሙዚቃ ውስጥ ያለው ዕድሜ ከ65 ዓመት ብዙ አይዘልም። ቡዙኪ የሚባለው አጃቢ የክር መሣሪያ ከግሪክ መጥቶ አየርላንድ የገባውም በዚያው በ1960ዎቹ ነው። የእንግድነት ዕድሜያቸው እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቡዙኪ እንግድነቱ ፊቱ ላይ መጻፉ ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ለአንድ ነገር ነው። ከበሮው ቤት የገባው ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ምሰሶ አልጎደለም። ጣሪያ አልጎደለም። ስለዚህ ባውራን የሚመታ ሰው ሙዚቃውን አይሸከምም፤ ቢሸከም ትርፍ ምሰሶ ነው የሚሆነው፣ መተላለፊያ ይዘጋል። ጊዜ የሚጠብቁት ዜማ ተጫዋቾቹ ናቸው። እሱ ይከተላል።

መከተል ቀላል ይመስላል። እስቲ እንሞክረው።

«በርበሬ በርበሬ» በሉ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ። በር-በ-ሬ፣ በር-በ-ሬ። እግራችሁ «በር» ላይ ብቻ ይውደቅ። ይህ ጂግ የሚባለው የጭፈራ ምት ነው፤ በስድስት የሚቆጠር። ለኛ ጆሮ ባዳ አይደለም፤ ስንቱ የሠርግ ዘፈናችን በስድስት ነው የሚሄደው። አሁን «ቲማቲሙ ቲማቲሙ» በሉ፤ እግራችሁ በመጀመሪያዋ «ቲ» ላይ ይውደቅ። ይህ ሪል ነው፤ ከሁሉም በብዛት የሚጫወቱት እሱን ነው። «ጎመን ጎመን» ካላችሁ ፖልካ ሆነ፤ ኬሪና ኮርክ አካባቢ የሚወደድ። በርበሬን ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አንድ አድርጋችሁ ከቆጠራችሁ ስሊፕ ጂግ ነው። (እዚያ ያሉ አስተማሪዎችም በምግብ ስም ነው የሚያስተምሩት። ጂግን በቋሊማና በተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ስም ያስቆጥሩታል።)

አሁን እስኪብርቶ ያዙ፣ ለመጻፍ እንደምትይዙት። አንጓችሁን ወደ ውስጥ አጥፉት፤ የእስኪብርቶው ጫፍ ወደ ደረታችሁ ይይ። ክንዳችሁ አይንቀሳቀስ። እጃችሁን ታጥባችሁ ፎጣ ስትፈልጉ ስታጡ ውሃውን እንዴት ነው የምታራግፉት? ልክ እንደዚያ። አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ። አመታቱ በሙሉ ይህ ነው።

በሪል ላይ ምንም ችግር የለም። ቲ-ማ-ቲ-ሙ፦ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ። ጠንካራው ምት ሁልጊዜ ወደ ታች ሲሆን ላይ ይገጥማል። በጂግ ግን ሞክሩት። በር-በ-ሬ፦ ታች፣ ላይ፣ ታች። ቀጣዩ በር-በ-ሬ፦ ላይ፣ ታች፣ ላይ። አያችሁ? የመጀመሪያው «በር» ወደ ታች ወደቀ፤ ሁለተኛው «በር» ወደ ላይ ሆነ። እጅ በተፈጥሮው ወደ ታች ሲመታ ይከብዳል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ይቀላል። በጂግ ላይ ግን የሚመለሰው እጅ እንደሚወርደው እጅ እኩል ጠንክሮ መምታት አለበት። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያነክሰው። አንዳንዱ ዘዴ ይፈጥራል፤ በየበርበሬው መጀመሪያ እንደገና ወደ ታች ይመታል። ይህም ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው፤ ሲፈጥን ግን አንጓን ያደክማል።

ፍጥነቱን ደግሞ አስሉት። ሪል ሞቅ ሲል እግር በደቂቃ 110 ጊዜ ያህል መሬት ይመታል። በእያንዳንዱ የእግር ምት ውስጥ አራት ድምፅ አለ። 440 ይሆናል፤ በሰከንድ ከሰባት በላይ። አንዳቸውም ግን እኩል አይደሉም። ጥሩ ተጫዋቾች አንዱን ድምፅ በጥቂቱ አርዝመው ተከታዩን ያሳጥሩታል፤ ዜማው ከመሬት ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ይመስላል። ምን ያህል እንደሚያረዝሙ እንደየአካባቢው ይለያያል። የክሌር ተጫዋች ዘና ይላል፤ የዶኒጎል ተጫዋች ቀስቱን እየቆረጠ ይነዳዋል። ከበሮ መቺው ይህን ሰምቶ በዚያው ልክ እጁን ካልቀየረ፣ እሱ እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ እየሄደ እነሱ እየተወዛወዙ ከሄዱ፣ ውጤቱ ምስር ወጥ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። ምንም አላጠፋም፤ ሰዓቱን ጠብቋል። ግን ጥርስ ይሰብራል።

ግራ እጅ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። ሰው ከፊት ስለሚያይ እንጨቷን ብቻ ነው የሚያደንቀው። ከጀርባ ግን መዳፉ ቆዳው ላይ ይንሸራተታል። ጫን ሲለው ቆዳው ይወጠራል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ሲለቀው ይወፍራል። መዳፉን ሙሉ በሙሉ ሲያሳርፍበት ይታፈናል። በአንድ ከበሮ ላይ ወፍራምና ቀጭን፣ ክፍትና ዝግ ድምፅ ይወጣል።

ይህ ምን ይጠቅማል? የአየርላንድ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ክፍል 8 ሚዠር ነው (ሚዠር እኩል የተከፈለ የምት ቁራጭ ነው፤ በሪል ሁለት የእግር ምት ይይዛል)፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወቱታል። 32 ሚዠር ሲሞላ አንድ ዙር አለቀ። ባልኳችሁ ፍጥነት 35 ሰከንድ ያህል ነው። ጎበዝ መቺ በመጀመሪያው ክፍል ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ይቆይና ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ በግራ እጁ ቆዳውን እየገፋ አብሮ ይወጣል። አድማጩ ከበሮውን ለይቶ አይሰማውም፤ ዜማው ድንገት ክንፍ ያወጣ ይመስለዋል። ይህን ለማድረግ ዜማውን ማወቅ ግድ ነው። ምቱን ማወቅ አይበቃም። ዜማዎቹ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

ለዚህ ነው ባውራን መቺ ሆኖ ሊመጣ የሚፈልገውን ሰው አንዳንድ አስተማሪ «መጀመሪያ የቆርቆሮ ዋሽንት ተማር» የሚለው።

ስለ ቆዳው ትንሽ ልበል። የፍየሉ ቆዳ ኖራ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ ይለቃል፤ ከዚያ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ በሚስማር ይያዛል። ቆዳ ስለሆነ አየሩን ይሰማል። እኛ ዘንድ የላላ ከበሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እሳት ዳር ይሞቃል። ባውራንም ዝናባማ በሆነ ምሽት ይላላና እንደ እርጥብ ካልሲ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገጥመው ተቃራኒው ነው። ክፍሉ በእሳት ሞቆ ቆዳው ደርቆ ይወጠራል፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ያን ጊዜ መቺው ከጀርባ በኩል ውሃ ይቀባዋል። ውሃ ከሌለ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ጥቁር ቢራ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ውጥረቱን በብሎን የሚያጠብቁና የሚያላሉ ባውራኖች ስለመጡ ቢራው ለመጠጥ ብቻ ዋለ። ዳር ዳሩን ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ናስትሮ ይለጥፉበታል። ሲያዩት ጥገና ይመስላል፤ ሥራው ግን ትርፍ ጩኸቱን መግደል ነው። ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ግሩም ይሠራል።

አዲሱ ትውልድ ከዚህም አልፏል። ከበሮውን አጠበበው፣ ጎኑን አጠለቀው፣ ቆዳውን አሳሳው። እንጨቷንም አቀጠናት። ከቆዳው መሃል ይልቅ ወደ ላይኛው ጫፍ ይመታል፤ ግራ እጁ እያሽከረከረ ቤዝ ጊታር የሚመስል ድምፅ ያወጣል። የፍሉክ ቡድኑን ጆን ጆ ኬሊን ስሙ። በአንዲት ወንፊት ላይ ሙሉ ድራም የተቀመጠ ይመስላችኋል። በአራን ደሴቶች ትንሿ በኢኒስ ኢር ላይ በየዓመቱ በበጋ የባውራን ትምህርት ቤት ይካሄዳል። ስሙ «ክራከን» ነው፤ ቆዳ ማለት ነው።

እኔ እንደ አድማጭ ከተጠየቅሁ፣ ይህ አዲሱ ጥበብ አንዳንዴ ያበዛል ባይ ነኝ። ዜማው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ከበሮው ሦስት ነገር ይመልሳል። መድረክ ላይ ሲሆን ያስጨበጭባል፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን ግን ሌሎቹን ያደክማል።

የጠረጴዛ ዙሪያው ነገር ሴሽን ይባላል። አየርላንዳውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሥራ ለንደን ሲሰደዱ፣ የሚጨፍሩበት የገጠር ቤት ስለሌላቸው መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ አገር ቤት ተሻገረ። መሪ የለም፤ ኖታ የለም። የተጻፈ ደንብም የለም። ያልተጻፈው ግን ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ባውራን የያዘውን ሰው ይመለከታል። አንድ ባውራን ካለ ሁለተኛው ሻንጣው ውስጥ ይቆያል፣ ወይም ተራ ይጠብቃል። ሁለት ፊድል ሲጋጭ ድምፅ ይወፍራል፤ ሁለት ከበሮ ሲጋጭ ግን ምቱ ይሰነጠቃልና ዜማ ተጫዋቾቹ ማንን እንደሚይዙ ይጠፋቸዋል። ከመቀመጥ በፊት ይጠየቃል። ዘገም ያለ የሐዘን ዜማ ሲጀመር ወይም አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ሊዘፍን ሲል ከበሮ ጭን ላይ ይተኛል። እዚያ ላይ ምት ስለሌለ የሚከተለው ነገር የለውም።

ጎበዙን መቺ የምትለዩትም በሚመታበት ጊዜ ሳይሆን በሚያቆምበት ነው። አዲስ ዜማ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዙር ብዙ ጊዜ አይነካውም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የፊድሉን ቀስት ያያል። በሁለተኛው ዙር ዝቅ ብሎ ይገባል። በሦስተኛው ይሞቃል፤ አሁን ነው ግራ እጁ መውጣት መውረድ የሚጀምረው። ሦስት ዙር ካለቀ በኋላ ሳይቆም ወደ ሌላ ዜማ መሻገር ልማድ ነው። ፊድል ተጫዋቿ ቀና ብላ ለአኮርዲዮኑ በቅንድቧ ምልክት ትሰጣለች። መቺው ይህን ሲያይ እጁን ቆዳው ላይ ያሳርፋል። ከበሮው ዝም ይላል። ዜማው ተለውጦ ከፍ ባለ ድምፅ ይወጣል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እስከዚያ ያልተሰማ ድምፅ ይሰማል። የአምስት ሰው ጫማ ነው፤ ሳንቃውን በአንድ ላይ ይመታል። እሱም በእግሩ አብሮ ይመታና ስምንት ሚዠር ይቆጥራል። ከዚያ እንጨቷን ወደ ደረቱ አዙሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ይገባል።